በ26 ሳንቲ ቴሌስኮፕ የዓለም መጀመሪያ ይታያል ወይ? (ከዲሽ ሠሪ የቀረበ ጥያቄ)

ዲሽ ሠሪው ከሣሪስ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እኔ ዲሽ ሠሪ ነኝ። ከሣሪስ እስከ ቃሊቲ ጣሪያ ላይ የምታዩት ዲሽ፣ ከፊሉ የእኔ እጅ ያረፈበት ነው። 14 ዓመት ሠራሁ። ሰው ሁሉ ናይልሳት ሲያይ ወደ ምዕራብ ተከልኩ። ኢትዮሳት ሲመጣ ያንኑ ዲሽ ፈትቼ ወደ ምሥራቅ አዞርኩ። ለሁለቱም ተከፍሎኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ደንበኛዬ ቤት ጣሪያ ላይ ነኝ። ልጃቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ መሰላል ይዞልኛል። ኤልኤንቢውን፣ ዲሹ ፊት ላይ ያለችውን ሞገድ ተቀባይ፣ ትንሽ ሳዞረው አየና «ለምንድን ነው የምታጣምመው?» አለኝ። «ለፖላራይዜሽን» አልኩት። ሞገዱ አንዱ ቆሞ፣ አንዱ ተኝቶ እንደሚመጣ ነገርኩት። የቆመው ቨርቲካል፣ የተኛው ሆሪዞንታል። ሪሲቨሩ 13 ቮልት ሲልክ ቨርቲካሉን፣ 18 ሲልክ ሆሪዞንታሉን ይመርጣል አልኩት። እንደ ፕሮፌሰር ነው የተሰማኝ፣ አልዋሽም።

ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ከዓለም መጀመሪያ የመጣው ብርሃንም ፖላራይዜሽን አለው። ደቡብ ዋልታ ላይ ለክተውታል። ቴሌስኮፑ 26 ሳንቲ ሜትር ነበር።»

ሳቄ መጣ። እኔ ሳሎን ውስጥ ኳስ እንዲታይ ብዬ 90 ሳንቲ ዲሽ እተክላለሁ፤ እነሱ የዓለምን መጀመሪያ በ26? የእናቴ ምጣድ እጥፉ ነው። ቤቴ ገብቼ ግን ነገሩ እንቅልፍ ከለከለኝ።

ሳተላይት ላይ ቨርቲካልና ሆሪዞንታል የምንለውን ሰው ሆን ብሎ ነው የሚልከው፤ ቻናል ለማብዛት። የሰማዩን ማን እንዲህ አድርጎ ላከው? ደግሞስ ሩቅ ለማየት ትልቅ ዲሽ አይደል የሚያስፈልገው? ልጁ ዕቃዬን እያቀበለኝ «አንዴ አገኘን ብለው አቧራ ሆኖ ቀረ» ያለኝም አልገባኝም። እኔ የማውቀው አቧራ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል።

የሚያውቅ ካለ በሰው ቋንቋ ያስረዳኝ። ፎርሙላ ከጻፋችሁ እሸሻለሁ።

ግድ የለሽ

ወንድሜ፣ እኔ «ኢንፍሌሽን» የሚል ቪዲዮ ከፍቼ የዋጋ ግሽበት መስሎኝ 20 ደቂቃ አይቻለሁ። ሽንኩርት ሳይነሳ አለቀ። ዓለም ገና ሲጀምር በአንድ ቅጽበት ተለጠጠ የሚል ነገር ነው አሉ። መልሱን እኔም እጠብቃለሁ። እግረ መንገድህን ግን፣ የእኛ ቤት ዝናብ ሲመጣ ምስሉ ቆሞ ይቀራል። ምን ላድርግ?

መምህሩ (ደብረ ማርቆስ)

ወንድሜ፣ እንደምን አለህ። ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ጠመኔ ከያዝኩ 23 ዓመቴ ነው። ጥያቄህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ነገሩ ሲጀመር የተገኘው እንዳንተ አንቴና በሚያስተካክሉ ሰዎች ነው ብልህ ታምናለህ?

በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ ሆልምዴል በተባለ ቦታ፣ በቤል ላቦራቶሪ አንቴና ላይ ይሠራሉ። አንቴናው የጥሩምባ ቅርጽ አለው፤ መጀመሪያ የተሠራው ለሳተላይት ግንኙነት ነበር። ሰዎቹ የሚፈልጉት ጸጥታ ነው። ባዶ ሰማይ ላይ ሲያዞሩት ምንም እንዳያሰማ። አሰማ። ወደ ኒው ዮርክ ቢያዞሩት አለ፤ ሽቅብ ቢያዞሩት አለ። ቀንም ሌሊትም፣ በጋም ክረምትም፣ ያው ጫጫታ። መጋጠሚያውን ሁሉ ፈተሹ፤ በአሉሚኒየም ቴፕ ሸፈኑት። ውስጡ ርግቦች ጎጆ ሠርተው አገኙ። ርግቦቹን አባረው ኩሱን ጠረጉ። ጫጫታው ንቅንቅ አላለም።

ያ ጫጫታ ሰማዩን ሁሉ የሞላው የመጀመሪያው ብርሃን ነበር። በ1978 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። የርግብ ኩስ የጠረገ ሰው ኖቤል ከወሰደ አንተም ተስፋ አትቁረጥ።

ብርሃኑ ከየት መጣ? ዓለም 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት። በመጀመሪያዎቹ 380,000 ዓመታት በጣም ትሞቅ ስለነበር ኤሌክትሮኖች ከአቶም ተለይተው ይንከራተታሉ። ብርሃን ገና መንገድ ሲጀምር ከአንዱ ጋር ይላተማል። በክረምት ማለዳ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ያለውን ጉም አስበው። የመኪናው መብራት በርቷል፤ መንገዱ ግን አይታይም። በኋላ ሙቀቱ ወደ 3,000 ዲግሪ ሲወርድ ኤሌክትሮኖቹ አቶም ውስጥ ገቡ። ጉሙ ተገፈፈ፤ ብርሃኑ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ዓለም ስትለጠጥ ሞገዱም አብሮ እየተለጠጠ ዛሬ ማይክሮዌቭ ሆኗል። ሙቀቱ ከፍጹም ዜሮ፣ ከዚያ በታች ቅዝቃዜ ከሌለበት፣ በላይ 2.7 ዲግሪ ብቻ ነው። ድሮ ጣቢያው ሲዘጋ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚርመሰመሰው ነጭ ነጠብጣብ ትዝ ይልሃል? ከመቶ አንድ እጅ ያህሉ እሱ ነበር። አያትህም አይተውታል።

ፖላራይዜሽኑን ማንም ሆን ብሎ አልላከውም። ነጸብራቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ስትቆም ውሃው ዓይን ያጥበረብራል። ፖላራይዝድ መነጽር ያደረገ ሰው ግን አይቸገርም። ከውሃው ነጥሮ የሚመጣው ብርሃን በአብዛኛው ተኝቶ ነው የሚመጣው፣ በአንተ አነጋገር ሆሪዞንታል ነው። መነጽሩ እሱን ይዘጋዋል። መነጽሩን አውልቀህ ሩብ ዙር ብታዞረው ነጸብራቁ ተመልሶ ይመጣል። ይህን ባሕር ዳር ላይ ራሴ ሞክሬዋለሁ፤ መነጽሩ የዓሣ አጥማጅ ነበር። ኤሌክትሮንም ብርሃን ሲነጥርበት እንዲሁ ያደርጋል። ከዙሪያው ሁሉ እኩል ብርሃን ቢመጣበት ተቻችሎ ይጠፋ ነበር። ግን ላይና ታቹ ትንሽ ሞቆ ግራና ቀኙ ትንሽ ከቀዘቀዘ፣ ነጥሮ የሚወጣው ወደ አንድ ወገን ያደላል። መጀመሪያ የታየው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዴዚ በተባለ መሣሪያ፣ ያውም ደቡብ ዋልታ ላይ።

አሁን ወደ ዋናው። እነዚህን ትንንሽ መስመሮች የሰማይ ካርታ ላይ ብትስላቸው ሁለት ዓይነት ጥለት ይወጣል። አንዱ እንደ ብስክሌት ጎማ ነው። መስመሮቹ ወይ ከመሃል ወደ ዳር ይሄዳሉ፣ ወይ ዙሪያውን ይከባሉ። በመስታወት ብታየው ያው ነው። «ኢ» ይሉታል። ሌላው እንደ ቬንቲሌተር ክንፍ ነው። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ጋደል ብለዋል። በመስታወት ስታየው ማዘንበያው ይገለበጣል። «ቢ» ይሉታል። የጥንቱ ዓለም እዚህ ወፈር፣ እዚያ ሳሳ ማለቱ ብቻውን «ቢ»ን አይፈጥርም። «ቢ»ን የሚፈጥረው የስበት ሞገድ ነው፤ ሕዋውን በአንድ በኩል እየሳበ በሌላ በኩል እየጨመቀ የሚያልፍ። ግድ የለሽ ያነሳው ኢንፍሌሽን እውነት ከሆነ ያን ሞገድ ትቶ ማለፍ አለበት። ስለዚህ «ቢ»ን ያገኘ ሰው የመጀመሪያውን ቅጽበት አሻራ አገኘ።

አቧራው እኔንም ነክቶኛል። መጋቢት 8 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ማርች 17 ቀን 2014፣ የባይሴፕ 2 ሰዎች ሐርቫርድ ላይ መግለጫ ሰጡ። ባይሴፕ 2 ማለት ልጁ የነገረህ ባለ 26 ሳንቲ ቴሌስኮፕ ነው። «ቢ»ን አገኘን አሉ። ማታ በስልኬ አነበብኩት። በማግስቱ 11ኛ ክፍል ገብቼ ሰሌዳውን ሙሉ ቬንቲሌተር ሳልኩበት። «ይህችን ቀን ደብተራችሁ ላይ ጻፏት» አልኳቸው። ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ «መምህር፣ ሌላ ነገር ቢሆንስ?» አለችኝ። «ሦስት ዓመት ለክተውታል ልጄ» ብዬ አለፍኳት። የጠየቀችኝ ስንት ጊዜ ለኩት ብላ አልነበረም። የለኩት ምንድን ነው ብላ ነው።

ሌላ ነገር ሆነ። የእኛው ጋላክሲ፣ ፍኖተ ሐሊብ፣ በደቃቅ ቅንጣት የተሞላ ነው። ቅንጣቶቹ በጋላክሲው ማግኔታዊ ኃይል ይሰለፋሉ። ከተሰለፈ አቧራ የሚወጣ ጨረር ፖላራይዜሽን አለው፤ «ቢ»ም ይሠራል። ባይሴፕ 2 የለካው በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ ነበር፣ በ150 ጊጋኸርዝ። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ አቧራውን ከጥንቱ ብርሃን መለየት አይቻልም። አቧራው ፍሪኩዌንሲው ከፍ ባለ ቁጥር ይደምቃል፤ የጥንቱ ብርሃን እንደዚያ አይደለም። የአውሮፓው ፕላንክ ሳተላይት ፖላራይዜሽንን እስከ 353 ጊጋኸርዝ ይለካ ስለነበር አቧራውን አጋለጠው። ጥር 2007 ዓ.ም. ላይ ሁለቱ ቡድኖች ዳታቸውን አንድ ላይ አድርገው አዩት። አቧራው ሲቀነስ የቀረው «አገኘን» የሚያሰኝ አልነበረም።

ልጆቹ 12ኛ ክፍል ደርሰው ነበር። ክፍላቸው ገብቼ «ያቺን ቀን ሰርዟት» አልኳቸው። ልጅቷ ምንም አላለችም። የአምናውን ደብተር አውጥታ አሳየችኝ። ከቀኑ አጠገብ ትንሽዬ የጥያቄ ምልክት አለች፤ ያኔውኑ ያደረገቻት።

ዲሽ ሠሪው ከሣሪስ

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። የርግቧን ነገር አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ። እኔ አንድ ቤት «ሳተላይቱ ተበላሽቷል» ብለው ጠርተውኝ፣ ወጥቼ ባየው የኤልኤንቢው ቆብ ተሰብሮ ተርብ ጎጆ ሠርቶበታል። ኖቤሉ ቀርቶብኝ ሁለት ቦታ ነደፈኝ።

ነጸብራቅ ነው ያሉት ገብቶኛል። አቧራውም ገብቶኛል፤ ጨርቄ አይደርስበትም። የቴሌስኮፑ ትንሽነት ግን አሁንም አልተመለሰልኝም። ደግሞ ለምን ደቡብ ዋልታ ድረስ? ራስ ዳሸን የለንም እንዴ? ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። እኔ ብሎንና ቁልፌን ይዤ እወጣለሁ።

ከበረሃው

ሰላም። እዚህ ቤት ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ አሁን አሜሪካ ነው የምኖረው። ሥራዬ ለእነዚህ ቴሌስኮፖች የሚገቡ ሴንሰሮችን መፈተሽ ነው። ዛሬ ግን ጀሪካን የማነሳበት ቦታ ስላገኘሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መምህር፣ በጣም አሳምረው ነው ያስረዱት። ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልጨምር። «ቢ» የሚመጣው ከጥንቱ የስበት ሞገድና ከአቧራ ብቻ አይደለም። ብርሃኑ ወደ እኛ ሲጓዝ በጋላክሲዎች ክምችት አጠገብ ያልፋል። ስበታቸው መንገዱን ያጣምመዋል። «ኢ» የነበረው ጥለት ሲጣመም ከፊሉ «ቢ» ይሆናል። ይህኛው «ቢ» በ2013 እ.ኤ.አ. በደቡብ ዋልታ ቴሌስኮፕ ታይቷል። እሱን ከደብተር የሰረዘ የለም። ግን ጥለቱ ደቃቅ ስለሆነ ትልቅ ዲሽ ይፈልጋል፤ ያ ቴሌስኮፕ 10 ሜትር ነው።

26 ሳንቲዋ ሌላ ነገር ነው የምትፈልገው። ዲሽ ሠሪው፣ «ሩቅ ለማየት ትልቅ ዲሽ» ያልከው ለደካማ ሳተላይት ልክ ነው። እዚህ ግን ብርሃኑ ሰማዩን ሁሉ ሞልቶታል፤ ትልቅ ዲሽ የሚጠቅመው ደቃቅ ነገር ለመለየት ነው። ከኢንፍሌሽን የሚጠበቀው ጥለት ደግሞ ደቃቅ አይደለም። ሰማይ ላይ ሁለት ዲግሪ ያህል ይሰፋል። አራት ጨረቃ ጎን ለጎን ደርድር፣ ያን ያህል። የአንተ 90 ሳንቲ ዲሽ የሚቀበለው ሞገድ 2.7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ የሚያየው ወደ ሁለት ዲግሪ ይጠጋል። ባይሴፕ 2 የተቀበለችው ሞገድ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በ26 ሳንቲ ግማሽ ዲግሪ ትለያለች። ከአንተ ዲሽ ሦስት አራት እጥፍ ትጠራለች ማለት ነው። ለሥራዋ ይበቃታል፤ ይተርፋታልም።

ትንሽ መሆኗ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ሙሉ በሙሉ ማቀዝቀዝ ይቻላል። ሞቃት ነገር ሁሉ ማይክሮዌቭ ያወጣል፤ ሌንሱም ራሱ ያወጣል። ስለዚህ ሌንሶቹ ከፍጹም ዜሮ በላይ 4 ዲግሪ ላይ ይቀመጣሉ። ከምን የተሠሩ ይመስልሃል? ከፕላስቲክ። ጀሪካን ከሚሠራበት ከዚያው ከፖሊኢቲሊን። ለዓይን ነጭ ድፍን ነገር ነው፤ ለማይክሮዌቭ ግን እንደ መስኮት መስታወት ያሳልፋል። መጀመሪያ ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ ሲያሳዩኝ ትዝ ያለኝ ልጅ ሆኜ ቦኖ ላይ ተሰልፌ የያዝኩት ጀሪካን ነው። ለማንም አልተናገርኩም።

ከሌንሱ ኋላ 512 ሴንሰሮች ነበሩ፤ ከፍጹም ዜሮ በላይ ሩብ ዲግሪ ገደማ ላይ። ሴንሰሩ ስስ የብረት ንጣፍ ነው። ሱፐርኮንዳክተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ያለ ምንም እንቅፋት የሚያሳልፍ፣ ልሆን አልሁን በሚልበት አፋፍ ላይ ይያዛል። ኢምንት ሙቀት ሲነካው ሬዚስታንሱ ይዘላል። ሁለት ሁለት ሆነው ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ለቨርቲካል፣ አንዱ ለሆሪዞንታል። የሁለቱ ልዩነት ነው የሚፈለገው። አንተ 13 እና 18 ቮልት እያልክ የምትመርጠውን እነሱ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ይዘው ይቀናንሱታል።

ግድ የለሽ፣ ዝናብ ሲመጣ ምስልህ የሚቆመው ውሃው ሞገዱን ስለሚውጥ ነው። ዲሽህን በደንብ አስተካክለህ ኳሊቲውን ከፍ ብታደርግ ይሻልሃል። ሐምሌ ላይ ግን ተስፋ አታድርግ። በ150 ጊጋኸርዝ ዝናብም አያስፈልግም፤ አየሩ ውስጥ ያለው የማይታይ ተን ብቻውን ይበቃል። ሞገዱን ይውጣል፤ ይባስ ብሎ የራሱን ይረጫል። ራስ ዳሸንም፣ ይቅርታ፣ በዚህ ነው የሚወድቀው። ከፍታ አለን፤ ድርቀት የለንም። ለዓይን ብርሃን ከሆነ ሌላ ነው። እንጦጦ 3,200 ሜትር ላይ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለውልናል።

ደቡብ ዋልታ 2,800 ሜትር ላይ ነው። ብርዱ ተኑን ሁሉ በረዶ አድርጎ አርግፎታል። ፀሐይ ስድስት ወር አትወጣም። ያው አንድ የሰማይ ቁራጭ ሳይጠልቅ ዓመቱን ሙሉ ይታያል። የካቲት ላይ የመጨረሻው አውሮፕላን ከሄደ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ መንገድ የለም። ቴሌስኮፑን የሚጠብቁት ሰዎች እዚያው ይከርማሉ። እኔ አልሄድኩም። እናቴ ሰምታ ነበር፤ ጉዳዩ እዚያው ተዘጋ።

ሁለት ጊዜ የሄድኩት ቺሊ፣ አታካማ በረሃ ነው። ማደሪያችን ሳን ፔድሮ የምትባል ከተማ ናት። ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ፤ እንደ አዲስ አበባ። ደርሼ ሻንጣዬን ሳስቀምጥ «ቤቴ ነኝ» አልኩ። ባልደረቦቼ ፊት «እኔ ከፍታ አይበግረኝም» ብዬ ጉራዬን ነፋሁ። በማግስቱ ሴሮ ቶኮ ተራራ ላይ 5,200 ሜትር ወጣን። የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫህ ላይ አድርገህ ነው የምትሠራው። እኔ «ቆይ ትንሽ» ብዬ አላደረግኩም። አንዱን ብሎን ሦስት ጊዜ አጠበቅሁት፤ ማጥበቄን እየረሳሁ። ጎኑ ያለውን ጭራሽ አልነካሁትም። አብሮኝ የነበረው ሰው ምንም ሳይል ቱቦውን አቀበለኝ። ከዚያ ወዲህ የነካሁትን ሁሉ ወረቀት ላይ ምልክት አደርጋለሁ።

እዚያ ያለው ሳይሞንስ ኦብዘርቫቶሪ የሚባል የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ ነው። አንድ ባለ 6 ሜትር ትልቅ ቴሌስኮፕ አለ። ሥራውን የጀመሩት ትንንሾቹ ደግሞ ሦስት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 42 ሳንቲ። ሴንሰሩ በጠቅላላ ከ60,000 በላይ ነው። አቧራው አስተምሮናል፤ ሦስቱ ትንንሾች ከ90 እስከ 280 ጊጋኸርዝ ባለው ውስጥ በአራት ፍሪኩዌንሲ ይለካሉ። ከፊታቸው ግማሽ ሜትር የሚሰፋ የሳፋየር ሳህን አለ። ማግኔት ላይ ተንሳፎ፣ ምንም ሳይነካው፣ በሰከንድ ሁለት ዙር ይሽከረከራል። አንተ ኤልኤንቢውን በእጅህ እያጣመምክ ኳሊቲው ሲወጣ ሲወርድ እንደምታየው ነው። የሰማዩ ፖላራይዜሽን ሽክርክሪቱን ተከትሎ ይወጣል ይወርዳል፤ የአየሩ ጫጫታ አይከተለውም። በዚህ ይለያያሉ።

ታዲያ የኢንፍሌሽኑ «ቢ» ተገኘ ወይ? እስካሁን የለም። ግን ባዶ እጅ አይደለም። የጥንቱን የስበት ሞገድ ብርታት የሚናገር አንድ ቁጥር አለ፤ «አር» ይሉታል። በ2014 እ.ኤ.አ. ያ ቁጥር 0.2 ነው ተብሎ ነበር። የዚያው የባይሴፕ ቡድን፣ በአዳዲስ ቴሌስኮፖቹ ለክቶ፣ በ2021 ከ0.036 በታች መሆን አለበት አለ። በዚህ ብዙዎቹ ቀላል የኢንፍሌሽን ሞዴሎች ወደቁ። አንዳንዶቹ እኔ ተማሪ ሳለሁ ፈተና ላይ የሚመጡ ነበሩ። ከዚህ ቀጥሎ ሲኤምቢ ኤስ ፎር የሚባል ትልቅ የአሜሪካ ፕሮጀክት ነበር፤ በ2025 መንግሥት ድጋፉን አቆመ። የዚያን ቀን ቢሯችን ውስጥ ማንም ቡና አላፈላም። ጃፓኖች ላይትበርድ የሚባል ሳተላይት እያዘጋጁ ነው፤ ከህዋ ላይ ሲሆን የአየሩ ጣጣ የለም።

መምህሩ (ደብረ ማርቆስ)

ልጄ፣ ተቆጥቼ አላውቅም እንኳን አሁን። ስለ ጋላክሲዎቹ ስበት የጨመርሽውን ማስታወሻዬ ላይ አስገብቼዋለሁ። ነገ አስተምረዋለሁ፤ «ከበረሃው የመጣ» ብዬ።

ዲሽ ሠሪው፣ አንድ የቤት ሥራ ልስጥህ። ያቺ የሲግናሉን ጉልበት በመርፌ የምታሳይ ሳት ፋይንደር አለችህ? ዲሹን ተወው። ኤልኤንቢውን ብቻውን ፋይንደሩ ላይ ሰክተህ በእጅህ ያዘው። መጀመሪያ ባዶ ሰማይ ላይ ቀስረህ መርፌውን አስተካክል። ቀጥሎ ወደ መሬት አዙረው። ያየኸውን ንገረን።

ዲሽ ሠሪው ከሣሪስ

ጋሼ፣ ሞከርኩት። ዛሬ ሥራ ስጨርስ እዚያው ጣሪያ ላይ።

ሽቅብ ስቀስረው መርፌውን ዝቅ አደረግሁት። ከዚያ ግድግዳ ላይ አዞርኩት፤ ሽቅብ ወጣ! ምንም ሳተላይት የሌለበት ግድግዳ። መዳፌን አፉ ላይ ጋረድኩ፤ አሁንም ወጣ። 14 ዓመት ስይዘው እኔም ማሠራጫ መሆኔን አላወቅኩም። ሞቃት ነገር ሁሉ ያወጣል የተባለው ይሄ ነው ማለት ነው። አሁን ነው የገባኝ፣ በመጋቢትና በመስከረም ፀሐይ ከሳተላይቱ ጀርባ ስትገባ ምስሉ ለጥቂት ደቂቃ የሚጠፋው። ደንበኞቼ ሲደውሉ «ይመለሳል» እላቸው ነበር እንጂ ለምን እንደሆነ ከልቤ አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። የቆምኩበት ቆርቆሮ ላይ ቁልቁል ሳዞረው መርፌው ብዙም አልተነሳም። ቆርቆሮው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ መቶት እግር ያቃጥላል። ከግድግዳው በላይ ማሳየት አልነበረበትም?

ከበረሃው

ይሄን በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል። ቆርቆሮ ለማይክሮዌቭ እንደ ፊት ማያ መስታወት ነው። የራሱን ጨረር እምብዛም አያወጣም፤ የፊቱን መልሶ ያሳይሃል። ቁልቁል ስታየው ያየኸው ቆርቆሮውን አይደለም፣ ከአናትህ በላይ ያለውን ሰማይ ነው።

ልክ በዚህ ምክንያት ደቡብ ዋልታ ላይ ባይሴፕ 2ን ወደ ውጭ በተከፈተ ትልቅ የብረት ከለላ ከበዋት ነበር። ወደ ጎን የሚያመልጥ እይታዋ በረዶው ላይ ሳይሆን ብረቱ ላይ ያርፋል፤ ብረቱም ወደ ሰማይ ይመልሰዋል። በረዶው እንኳን ለእሷ በጣም ሞቃት ነው። ፈልገው የነበረው ልዩነት ከአንድ ዲግሪ አሥር ሚሊዮንኛ ገደማ ነው። አንተ አሁን በመርፌ ያየኸው የግድግዳና የሰማይ ልዩነት ወደ 300 ዲግሪ ይጠጋል።

ዲሽ ሠሪው ከሣሪስ

እንግዲያው ቆርቆሮ ሠሪም ይፈልጋሉ ማለት ነው። ጎረቤቴ አለ፤ እጁ ጥሩ ነው። ብርድ ግን አይችልም።

ግድ የለሽ፣ ሰፈርህ ከሣሪስ ካልራቀ ማክሰኞ መጥቼ ዲሽህን አየዋለሁ።